የግብር መተግበሪያ ተጠቃሚዎች ረክተዋል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐምሌ ሲገባ የአዲስ አበባ የወረዳ ግብር ጽሕፈት ቤቶች መልካቸው ይለወጣል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ በማግስቱ የግብር መክፈያው ወቅት ይከፈታል፤ ባለሱቁ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ክፍል አከራይቶ የሚተዳደረው ጡረተኛ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይነሣል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከመሰለፋቸው በፊት ስልካቸውን እንዲያወጡ ይነገራቸዋል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ባንኮችም የሞባይል አገልግሎታቸውን ካሰፉ ወዲህ ግብርን ከቤት ሆኖ መክፈል ለከተማ ሰው እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

ይህን ተከትሎ የመጣው ጥያቄ «ሕዝቡ በአገልግሎቱ ረክቷል ወይ?» የሚለው ነው። መሥሪያ ቤቶች መጠይቅ ይበትናሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠሩበታል፤ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይም «የተገልጋይ እርካታ» ከሚለው ርእስ ጎን አንድ መቶኛ ይሰፍራል። ቁጥሩን ብዙ ሰው ያነበዋል፤ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። እኔ ቁጥሩ ሊጠየቅ ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው ለመተግበሪያው በጀት የሚጨመርለት፣ መስኮት የሚዘጋው፣ ሠራተኛ የሚቀነሰው።

አስቀድሞ ስለ የትኛው ግብር እንደምንነጋገር ይለይ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 96 እስከ 98 ባሉት ድንጋጌዎች ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣንን ለፌዴራሉ መንግሥትና ለክልሎች ያከፋፍላል። የግለሰብ ነጋዴዎች ግብር፣ የገበሬዎች የእርሻ ገቢ ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና ከግል ቤቶች ከሚገኝ ገቢ የሚከፈለው ግብር በአንቀጽ 97 መሠረት የክልሎች ድርሻ ናቸው። አዲስ አበባም በቻርተሯ፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ የራሷን ገቢ ትሰበስባለች፤ ሥራውም በ11 ክፍለ ከተሞችና ከእነርሱ ሥር ባሉት ወረዳዎች ይከናወናል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለቀረው ማብራሪያ ሁሉ መሠረት ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች በአብዛኛው የሂሳብ ባለሙያና ጠበቃ አላቸው። የወረዳው ደንበኛ ግን ቁጥሩ ብዙ፣ የእያንዳንዱ ክፍያ ትንሽ፣ ባለሙያ የመቅጠር አቅም የሌለው ሰው ነው። ለኩባንያ የሂሳብ ሹም ተስማሚ የሆነ ገጽ ለዚህ ሰው ላይሆን ይችላል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዮችን በሦስት ደረጃ ሲመድብ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነውን ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ብሎታል። ይህ ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፤ ግብሩ በግምት ይወሰንለት ነበር፤ መክፈያውም ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ነበር። ምድቡ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ተለውጧል። የግምቱ ትዝታ ግን ዛሬም አልጠፋም። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ይፋ በሆነ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴው በብዛት ቅሬታ አሰምቷል፤ በየቦታው ሱቅ ተዘግቶ ነበር። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ በስልኩ ላይ «የሚከፈል ግብር» የሚል ቁጥር የሚያይ ሰው ያንን ዘመን ይዞ ነው የሚያየው።

ቁጥሩ የሚሠራው እንዴት ነው?

የእርካታ መጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው። «መተግበሪያው ለአጠቃቀም ቀላል ነው»፣ «የሚሰጠው መረጃ ትክክለኛ ነው»፣ «አገልግሎቱ ፈጣን ነው» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ይደረደራሉ። ተጠያቂው «በጣም እስማማለሁ» ካለ 5፣ «በጣም አልስማማም» ካለ 1 ይመዘገብለታል። ከዚያ አማካዩ ይወጣል።

ዐረፍተ ነገሮቹ የሚመረጡት ለአሥርተ ዓመታት ከተፈተኑ ጥቂት ሐሳቦች ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሬድ ዴቪስ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰው አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበለው «ይጠቅመኛል» እና «አያስቸግረኝም» ብሎ ሲያምን እንደሆነ አስረዳ። ዊልያም ዲሎንና ኤፍሬም ማክሊን በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡትና በ2003 እ.ኤ.አ. ያሻሻሉት ማዕቀፍ ደግሞ ሦስት ነገሮችን ይለያል፦ የሥርዓቱን ጥራት፣ የመረጃውን ጥራትና ከጀርባ ያለውን የሰው አገልግሎት ጥራት። ሦስተኛው የተጨመረው በማሻሻያው ጊዜ ነው። የወረዳ ግብርን ለሚያውቅ ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይኸው በኋላ የተጨመረው ነው። ጆን ብሩክ በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው አጭር የአጠቃቀም ቀላልነት መለኪያም አለ፤ አሥር ጥያቄዎች ብቻ ይዞ ውጤቱን ከ0 እስከ 100 ያወጣል፤ በዓለም ላይ ከተፈተኑ ብዙ ሥርዓቶች የተገኘው አማካይ 68 ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ቢሮ «70 አገኘን» ብሎ ቢደሰት ከመካከለኛው ጥቂት ከፍ ማለቱ ነው፤ በትምህርት ቤት ፈተና ዓይን መታየት የለበትም።

ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሪቻርድ ኦሊቨር በ1980 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ነው። እርካታ የሚለካው ሰው ባገኘው ነገር መጠን ብቻ ሳይሆን ያገኘው ከጠበቀው ጋር ሲነጻጸር ነው ይላል። የጠበቀው ትንሽ ከሆነ በትንሽ ነገር ይረካል፤ ብዙ ከጠበቀ መልካም አገልግሎት አግኝቶም ቅር ይለዋል።

ይህ በእኛ ከተማ ምን እንደሚያስከትል አስቡት። አንዲት እናት በየዓመቱ ሌሊት ተነሥተው ወረፋ ይይዙ ነበር እንበል፤ ከሰዓት በኋላ ጉዳያቸው ካለቀ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ይመለሱ ነበር። ዘንድሮ በመተግበሪያው ሁለት ጊዜ ተሳስተው በሦስተኛው ከፈሉ። 5 ነጥብ ይሰጣሉ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጃቸው ያንኑ ገጽ አይቶ 2 ይሰጣል፤ እሱ የሚያነጻጽረው ታክሲ ከሚጠራበትና ገንዘብ ከሚልክበት መተግበሪያ ጋር ነውና። ገጹ አንድ ነው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓመት እርካታ ከፍ ብሎ በሦስተኛው ዓመት ቢወርድ አገልግሎቱ ተበላሸ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሕዝቡ የተሻለ ነገር ለምዶ ይሆናል። ከፍ ያለ ቁጥር በበኩሉ የቀድሞውን መከራ ጥልቀት ከመናገር ያለፈ ትርጉም ላይኖረው ይችላል።

ያልተጠየቁት

ሁለተኛው ችግር መጠይቁ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ ነው። ብዙውን ጊዜ የእርካታ ጥያቄው የሚመጣው ክፍያው ከተሳካ በኋላ ነው፤ «ክፍያዎ ተፈጽሟል፤ አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት?» ተብሎ። የይለፍ ቃሉ ያልተቀበለው፣ ኮዱ በጽሑፍ መልእክት ያልደረሰው፣ መሐል ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ ተስፋ ቆርጦ ወደ ወረዳ የሄደው ሰው ያንን ጥያቄ አያየውም። ወንዙን የተሻገሩትን ብቻ ሰብስቦ «ወንዙ ጥልቅ ነው ወይ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ከዚያ ደግሞ የግብር አገልግሎት አማራጭ የለውም። ሰው አንድ ባንክ ካስመረረው ወደ ሌላ ባንክ ይሄዳል፤ ወረዳው ካስመረረው ግን ሌላ ወረዳ ሄዶ ግብሩን መክፈል አይችልም። በዚህ ምክንያት «የተጠቃሚዎች ቁጥር በዚህን ያህል አደገ» የሚለው ዜና ስለ እርካታ ምንም አይነግረንም። መስኮቱ ተዘግቶ ሁሉም በስልክ እንዲከፍል ከታዘዘ የተጠቃሚው ቁጥር ያድጋል፤ የሚያድገው በትእዛዝ ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙም አይወራም፤ በእኔ አስተያየት ግን ዋናው እርሱ ነው። በስሙ መለያ የተከፈተለት ሰውና መተግበሪያውን የሚነካው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ለባለሱቁ ልጁ ይከፍልለታል፤ ለልብስ ሰፊዋ የሰፈሩ የኢንተርኔት ቤት ልጅ፣ ለባለ ሆቴሉ የሂሳብ ባለሙያው፣ ለሌላው ደግሞ በወረዳው በር አካባቢ የሚውል ጉዳይ አስፈጻሚ። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ እየኖረ አዲስ አበባ ያለውን ቤቱን የሚያከራይ ሰውም ቢሆን የኪራይ ገቢ ግብሩን የሚያስፈጽምለት ውክልና የያዘ ዘመድ ነው፤ የማረጋገጫው ኮድ የሚላከው ወደ አገር ውስጥ ስልክ ከሆነ ያ ስልክ በዘመዱ እጅ ነው። መጠይቁን የሚሞላው ታዲያ ማን ነው? ጉዳይ አስፈጻሚው በቀን ብዙ ሰው ስለሚያስተናግድ ገጹን በቃሉ ይዞታል፤ ለእርሱ ቀላል ነው። ባለጉዳዩ ግን ገጹን አይቶትም አያውቅ።

ይህ የእርካታ ቁጥርን ከማዛባቱም በላይ አደጋ አለው። የመለያው ስልክ በሌላ ሰው ስም ከተመዘገበ የክፍያ ማስታወቂያው፣ የውሳኔው ደብዳቤ፣ የቅጣቱ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ለዚያ ሰው ይደርሳል። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በግብር ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ተቃውሞውን እንዲያቀርብ ይደነግጋል። ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ደግሞ ለክርክር ከቀረበው ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ማስታወቂያው ባለጉዳዩ ከፍተውት በማያውቁት የመልእክት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ 21 ቀኑ ቢያልፍስ? በእጅ የሚሰጥ ደብዳቤ ፊርማ ነበረው፤ ፊርማው ቀኑን ይመሰክር ነበር። በስልክ የሚላክ ማስታወቂያ ተላከ እንጂ ተነበበ ማለት እንዳልሆነ ሥርዓቱን የሚሠሩት ሰዎች ከልብ ሊያስቡበት ይገባል፤ በዚህ ክፍተት ሰው መብቱን ያጣልና።

የሚያበሳጨው ከገጹ ጀርባ ያለው ነው

የሰውን ምሬት ረጋ ብሎ ላዳመጠ፣ ስለ ቀለምና ስለ አዝራር አቀማመጥ የሚነሣው ትንሽ ነው። የሚነሣው ሌላ ነው።

አንደኛው መዝገብ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሲወጣ የሰው ስም በላቲን ፊደል የተጻፈበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ «ወርቅነሽ» የሚለውን ስም ደግሞ አንዱ ጸሐፊ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል። በመለያ ቁጥሩ ላይ አንድ ዓይነት፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ ሌላ፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ሦስተኛ። ሰው በመስኮት ሲሠራ ይህ ልዩነት በዓይን ይታለፍ ነበር፤ ኮምፒውተር ግን «መረጃው አይገጥምም» ብሎ ይመልሳል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ለዚህ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሰው አንድ ቁጥር ይኖረዋልና። ነገር ግን የቆየው መዝገብ ከአዲሱ ጋር እስኪታረቅ ድረስ እርቁን የሚፈጽመው ባለጉዳዩ በእግሩ ነው፤ ማስረጃ ይዞ ከቢሮ ቢሮ።

ሁለተኛው ቀን ነው። የግብር ዓመታችን በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ይሄዳል፤ ብዙ ሶፍትዌሮች ግን በአውሮፓውያን የቀን መቁጠሪያ ተሠርተው ይመጣሉ። ሐምሌ 30 ማለት ኦገስት 6 ነው። ገጹ ላይ 06/08 ተብሎ ሲጻፍ ለአንድ ባለሱቅ የሚታየው ሚያዝያ 6 ነው፤ ስምንተኛው ወራችን ሚያዝያ ነውና። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን በዚያው አዋጅ ቁጥር 983/2008 በጊዜው ላልተከፈለ ግብር ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ቅጣት፣ ከላዩም ወለድ አለ። በቀን መምታታት የሚመጣ ቅጣት ደግሞ ከቅጣቶች ሁሉ የሚያንገበግብ ነው። ቀኑን «ሐምሌ 30» ብሎ በፊደል መጻፍ ምንም ወጪ የለውም።

ሦስተኛው ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፦ «ሲስተም የለም።» በክፍያው ወቅት የመጨረሻ ቀናት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲገባ ሥርዓቱ ይጨናነቃል፤ መብራት ይጠፋል፤ መስመር ይቋረጣል። ሰው ይህን ይታገሣል፤ ሕዝባችን በዚህ በኩል ታጋሽ ነው። የማይታገሠው ገንዘቡ ከሂሳቡ ወጥቶ ግብሩ እንዳልተከፈለ ሲነገረው ነው። ባንኩ «ከእኛ ዘንድ ወጥቷል» ይላል፤ ወረዳው «ለእኛ አልደረሰም» ይላል። በሁለቱ መሐል ያለውን ክፍተት የሚመለከት አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው ከሌለ ባለጉዳዩ ተመላላሽ ይሆናል። እንዲህ ያለ ገጠመኝ ከመቶ ሰው አንዱን ብቻ ቢያገኝ እንኳን ወሬው ለመቶውም ይደርሳል፤ ሁሉም በሚቀጥለው ዓመት ወደ መስኮት ይመለሳሉ።

አራተኛው፣ ከሁሉ የከፋው፣ ሥራው መንታ ሲሆን ነው። በስልክ ከፍሎ ደረሰኙን አሳትሞ ወረዳ መውሰድ፤ ወረዳው ደረሰኙን በመዝገብ ገልብጦ ማኅተም መምታት፤ ለንግድ ፈቃድ እድሳት ክሊራንስ፣ ማለትም ግብር መከፈሉን የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ ሲያስፈልግ እንደገና መቅረብ። እንዲህ ከሆነ መተግበሪያው የቀነሰው ነገር የለም፤ በነበረው ላይ አንድ ደረጃ ጨምሯል። የንግድ ፈቃድ የሚያድሰው መሥሪያ ቤት የግብሩን መክፈል ከግብር ሰብሳቢው መዝገብ በቀጥታ ማየት ካልቻለ፣ በስልክ የመክፈል ጥቅሙ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

በመጨረሻም ግብሩን መጥላትና መተግበሪያውን መጥላት ይምታታሉ። በገጹ ላይ የመጣለት ግብር ከአምናው እጥፍ የሆነበት ሰው «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ሲባል ምን እንዲል ይጠበቃል? 1 ይሰጣል። ያ 1 ነጥብ ለስሌቱ ነው፤ መሐንዲሱ ግን ለገጹ የተሰጠ መስሎት አዝራር ሲያስተካክል ይከርማል። ጥሩ መጠይቅ ሁለቱን ለይቶ ይጠይቃል፦ «የተወሰነልዎ ግብር ትክክል ነው ብለው ያምናሉ?» አንዱ ጥያቄ፤ «ለመክፈል ተቸግረው ነበር?» ሌላው።

ሌሎች ከተሞች ያሳዩት

የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ግብሯን ስታሻሽል ይህን የስሌት ጥያቄ ፊት ለፊት ተጋፍጣዋለች። ቤቶቹን በሳተላይት ምስል ለየች፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ቤት ዋጋ ከውጭ በሚታዩ ነገሮች፣ በጣሪያው ዓይነት፣ በግንባታው ጥራት፣ በአካባቢው፣ በነጥብ አሰላች። ባለቤቱ የመጣለትን ወረቀት ይዞ ደጁ ላይ ቆሞ ነጥቡን በዓይኑ ማመሳከር ይችላል። በእኛ አገር ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው የጣሪያና ግድግዳ ግብር በአዋጅ ቁጥር 80/1968 ላይ የቆመ ነበር፤ ቤቱ ለምን በዚህ ዋጋ እንደተገመተ ከባለቤቶቹ ስንቱ ማስረዳት ይችላል? ሰው የተረዳውን ግብር ባይወደው እንኳን ይከራከርበታል፤ ያልተረዳውን ግን ከነመተግበሪያው ይጠላዋል።

በታጂኪስታን ዋና ከተማ በዱሻንቤ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሌላ ገጽታ ያሳያል። ግብርን በኢንተርኔት ማሳወቅ ድርጅቶች ለግብር ጉዳይ የሚያጠፉትን ጊዜ በ40 በመቶ ያህል ቀንሷል። ከዚያ በላይ የሚገርመው ጥቅሙ ለሁሉም አንድ አለመሆኑ ነው። ቀድሞ ግብር ይሰውራሉ ተብለው የተጠረጠሩት ድርጅቶች የሚከፍሉት በእጥፍ ያህል አደገ፤ ታማኝ የነበሩት ግን ከሠራተኛ ጋር ፊት ለፊት መገናኘታቸው ሲቀር ቀለላቸው፤ የሚጠየቁት ጉቦም ቀነሰ። የእነዚህን ድርጅቶች እርካታ ደምሮ አማካይ ማውጣት እውነቱን ይደብቀዋል። ሥርዓቱ መልካም ሠርቶ ሳለ የሚያዝኑበት ሰዎች ይኖራሉ፤ ማዘናቸውም የመሥራቱ ምልክት ነው።

በጋና አንድ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ቴክኖሎጂው የተሰጠው ለግብር ሰብሳቢዎቹ ነበር። ቤቶቹን በካርታ የሚያሳይ ታብሌት የያዙት ሰብሳቢዎች ካልያዙት ይልቅ 27 በመቶ ብልጫ ያለው የክፍያ ማስታወቂያ አደረሱ፤ የሰበሰቡት ገንዘብ ግን 103 በመቶ በለጠ። አድራሻ በመፈለግ የሚያልፈው ጊዜያቸው ቀንሶ፣ ማን መክፈል እንደሚችልና እንደሚፈልግ ቶሎ ለማወቅ በቁ። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በወጉ በማይሠራበት ከተማ የሚኖር ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። መተግበሪያ ለሕዝቡ ከማውረድ በፊት የወረዳው ሠራተኛ የሚሠራበት መሣሪያና መዝገብ መስተካከል አለበት፤ ሠራተኛው ራሱ በተመሰቃቀለ መዝገብ ውስጥ እየዋኘ ባለጉዳዩ በስልኩ እንዲረካ መጠበቅ አይቻልም።

ናይሮቢ የምታስተምረው በአጭሩ ይህ ነው፤ ከተማዋ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጃምቦፔይ በተባለ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ሥርዓት ገቢዋን ስትሰበስብ ቆይታ በኋላ ሥርዓቷን ደጋግማ ቀይራለች፤ ዛሬ ናይሮቢ ፔይ የተባለውን ትጠቀማለች። ሥርዓት በተቀየረ ቁጥር ተጠቃሚው እንደ አዲስ ይማራል፤ የቀድሞው ክፍያ ታሪክም አብሮ መሻገሩ ጥያቄ ይሆናል። ከሶፍትዌር አቅራቢ ጋር ውል የሚፈራረም ከተማ መዝገቡ የራሱ እንደሆነና ውሉ ሲያበቃ ሙሉ በሙሉ እንደሚረከበው ከመጀመሪያው ቀን ማስጻፍ አለበት።

ታዲያ ምን ይለካ?

እኔ የአንድ ወረዳ ግብር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ብሆን ከእርካታው መቶኛ በፊት አንድ ነገር እጠይቅ ነበር፦ በስልክ ከከፈሉት ሰዎች ስንቶቹ ለዚያው ጉዳይ በኋላ በአካል መጡ? ይህ መጠይቅ አያስፈልገውም፤ ከመዝገቡ ይገኛል። የመጣው ሰው ለምን እንደመጣ መስኮቱ ላይ በአንድ ቃል ይመዝገብ፦ ስም አልገጠመም፣ ደረሰኝ አልወጣም፣ ገንዘብ ወጥቶ አልደረሰም፣ ስሌቱን አልተቀበለም። በሐምሌ ወር ብቻ የሚሰበሰበው ይህ ዝርዝር በመቶ ገጽ ከሚታተም ጥናት ይልቅ ምን መጠገን እንዳለበት ያሳያል።

ቀጥሎ ጀምረው ያቋረጡትን እፈልግ ነበር። የትኛው ገጽ ላይ እንደቆሙ ሥርዓቱ ያውቀዋል። ከእነርሱ ጥቂቶቹን በስልክ ደውሎ «ምን ከለከለዎት?» ማለት የአንድ ሠራተኛ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ከዚያ ደግሞ መጠይቁ ላይ «ይህን የሚሞሉት ስለ ራስዎ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው?» የምትል አንዲት ጥያቄ እጨምርበት ነበር። መልሱ አብዛኛው «ስለ ሌላ ሰው» ከሆነ መተግበሪያው ገና ለባለቤቱ አልደረሰም ማለት ነው፤ የሚያስፈልገውም በወረዳው ግቢ ውስጥ በነጻ የሚያግዝ፣ የይለፍ ቃሉን ለባለጉዳዩ ትቶ መንገዱን ብቻ የሚያሳይ ሰው ነው። ሽማግሌዎችና ማንበብ የሚቸገሩ ሰዎች ግብር ለመክፈል ብለው ምስጢራቸውን ለማያውቁት ወጣት እንዲሰጡ መገደድ የለባቸውም። በዚህ ነገር የከረረ አቋም አለኝ፤ መስኮቱ እስከዚያው ድረስ ክፍት መሆን አለበት።

ግብር ከፋዩም እጁን አጣጥፎ መጠበቅ አይኖርበትም። በስልክ የሚከፍል ሰው በተቻለው መጠን የወሩን መጨረሻ አይጠብቅ፤ መጨናነቁ ያን ጊዜ ነው። ከመክፈሉ በፊት በገጹ ላይ የወጣው ስምና የመለያ ቁጥር የራሱ መሆኑን ያረጋግጥ፤ የአንድ አሐዝ ስሕተት ገንዘቡን በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ያሳርፈዋል። ክፍያው ሲያልቅ የግብይት ቁጥሩን የያዘውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ፣ መልእክቱንም ሳያጠፋ ያስቀምጥ፤ ባንኩና ወረዳው ባልተስማሙ ጊዜ ማስረጃው ያ ቁጥር ነው። በመለያው የተመዘገበው ስልክ የራሱ ካልሆነ ዛሬውኑ ያስቀይር። የውሳኔ ማስታወቂያ በደረሰው ቀን ቀኑን ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ተቃውሞ ካለው በ21 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አስገብቶ የገባበትን ቀንና ቁጥር የያዘ ማረጋገጫ ይቀበል።